የቤት ናስ አተካከልና አያያዝ፦ የቤተሰብን ፎቶ፣ ቪድዮና ሰነድ በአማርኛ ስሙ ማስቀመጥ

የዛሬው ትምህርታችን ከቤት ራውተር ጋር ተገናኝቶ የቤተሰቡን ፋይል በሙሉ በአንድ ቦታ ስለሚያስቀምጥ ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ናስ» ይባላል። ጸናጽል ከሚሠራበት ናስ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የብዙዎቻችን ቤተሰብ ታሪክ በየስልኩ ተበታትኖ ይገኛል። የሠርጉ ቪድዮ በአንዱ ላፕቶፕ፣ የአያት ድምፅ በቴሌግራም፣ የልደት ሰርተፍኬትና የኢሚግሬሽን ወረቀት ፎቶ በእናት ስልክ ውስጥ አለ። አንድ ስልክ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ወይም አንድ አካውንት ሲዘጋ የሚጠፋው መልሶ የማይቀረጽ ነገር ነው። ናስ ይህን ሁሉ ይሰበስባል። ፋይሉ ከዓመታት በኋላም የሚገኘው ግን ዕቃውን በመግዛት ብቻ አይደለም፤ ከተተከለ በኋላ በምንይዘው ሥርዓት ነው። ስለዚህ አተካከሉን ቶሎ ጨርሰን፣ ለአያያዙ ሰፋ ያለ ቦታ እንሰጣለን።

ናስ ምንድን ነው?

ናስ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ የሚይዝ፣ የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ስክሪንም ኪቦርድም የለውም። በቤቱ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን በኔትወርክ ይደርስበታል። እንደ ጎግል ፎቶ ያለ አገልግሎት በወር ኪራይ የሚሠራውን ሥራ በቤት ውስጥ ይሠራል፤ ኃላፊነቱ ግን የእናንተ ነው።

ሁለት ዲስክ ያለው ናስ ብዙ ጊዜ «ሬይድ 1» በሚባለው ዘዴ ይዘጋጃል። በዚህ ዘዴ በአንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈው ሁሉ በሌላውም ላይ ይጻፋል። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ብታስገቡ የምታገኙት ቦታ 4 ቴራባይት ነው። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሥራው ሳይቆም አዲስ ትተካላችሁ። ነገር ግን ሬይድ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ልጁ በስህተት አንድ ፎልደር ቢያጠፋ ከሁለቱም ዲስኮች በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ዕቃው ቢሰረቅ ወይም ቤቱ ቢቃጠል ሁለቱም ዲስኮች አብረው ይሄዳሉ።

ምን ያህል ቦታ ይበቃል?

ከመግዛት በፊት እናስላ። አንድ ፎቶ በአማካይ 4 ሜጋባይት ነው ብንል 50,000 ፎቶ 200 ጊጋባይት ይሆናል። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ቪድዮ 3.6 ጊጋባይት ይይዛል፤ 100 ሰዓት ቢኖራችሁ 360 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ሰነድና ድምፅ ከዚህ አንጻር ትንሽ ናቸው። ስለዚህ ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ 4 ቴራባይት ለዓመታት ይበቃል። ዲስኩን ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩት 3.6 ገደማ ብቻ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ፋብሪካው በ1,000 እያባዛ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል።

የድሮ የቪድዮ ካሴት ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኢትዮጵያ የተቀዱ ካሴቶች የሚጠቀሙት «ፓል» የተባለውን ሥርዓት ሲሆን፣ የአሜሪካ ማጫወቻዎች የተሠሩት «ኤንቲኤስሲ» ለተባለው ነው። ስለዚህ ከአገር ቤት የመጣ የሠርግ ካሴት እዚህ አገር በተገዛ ተራ ማጫወቻ ላይ በትክክል ባይታይ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ማጫወቻ ፈልጉ፤ ወይም ለሚያስገለብጡበት ባለሙያ ካሴቱ ፓል መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ዕቃውን መምረጥ

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው እንደ ሲኖሎጂ ወይም ኪውናፕ ያለ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ናስ መግዛት ነው። ለጀማሪና ጊዜ ለሌለው ሰው ይህ ይሻላል። ሁለተኛው በቤት የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትሩናስ ወይም ኦፕን ሚዲያ ቮልት የተባሉትን ነፃ ሶፍትዌሮች መጫን ነው። መማር ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም። ሦስተኛው ራስፕቤሪ ፓይ ላይ የዩኤስቢ ዲስክ ማገናኘት ነው። ለልምምድ ጥሩ ቢሆንም ብቸኛ የቤተሰብ ማከማቻ አታድርጉት።

የኮሎምበስ ነዋሪዎች ዕቃውን በዓይናቸው አይተው የመግዛት ዕድል አላቸው። ማይክሮ ሴንተር የተባለው የኮምፒውተር መደብር እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው እዚሁ አፐር አርሊንግተን ውስጥ ነው፤ ዛሬም ቤተል ሮድ ላይ ሱቅ አለው።

ዲስክ ስትገዙ ለናስ የተሠራ መሆኑንና የአጻጻፍ ዘዴው «ሲኤምአር» መሆኑን አረጋግጡ። «ኤስኤምአር» የተባለው ሌላው ዘዴ የጽሑፍ መስመሮቹን እንደ ጣራ ክዳን ያደራርባቸዋል። ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የሞተ ዲስክ ተክታችሁ መረጃው እንደገና ሲገለበጥ እጅግ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል አንዳንድ «ሬድ» የተባሉ የናስ ዲስኮቹ በኤስኤምአር የሚሠሩ መሆናቸውን ገልጾ፣ ሲኤምአር የሆኑትን «ሬድ ፕላስ» ብሎ ለይቷቸዋል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ሳይሆን የሞዴሉን ቁጥር ከአምራቹ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ።

አተካከል፣ ደረጃ በደረጃ

1. ዲስኮቹን አስገቡና ናሱን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙ። በሴኮንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ ገመድ በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ይጓዛል፤ 100 ጊጋባይት በሩብ ሰዓት ገደማ ይገለበጣል። በዋይፋይ ግን ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

2. ከላፕቶፕ ብራውዘር ላይ የናሱን ማዘጋጃ ገጽ ክፈቱ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ጫኑና ወዲያውኑ አዘምኑ። ወደፊት በራሱ እንዲያዘምን አዝዙት።

3. ዲስኮቹን በሬይድ 1 አዋቅሩ። የፋይል ሥርዓት ምረጡ ሲላችሁ «ቢቲአርኤፍኤስ» ካለ እሱን ውሰዱ፤ ትሩናስ የሚጠቀመው «ዜድኤፍኤስ» ነው። ሁለቱም ኋላ የምናነሣውን ስናፕሾት ይችላሉ።

4. ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለናሱ ቋሚ አድራሻ ያዙለት፤ ለምሳሌ 192.168.1.50። ይህ ካልሆነ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አድራሻው ሊቀየርና «ናሱ ጠፋ» ሊባል ይችላል።

5. አዲስ የአስተዳዳሪ ስም ፍጠሩና ከፋብሪካው የመጣውን ዝጉ። ረጅም ፓስዎርድና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አድርጉ።

6. ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱ መግቢያ ስጡ። «ሰነድ» የተባለው ፎልደር ለወላጆች ብቻ፣ «ፎቶ» ለሁሉም ይሁን። ልጆች ማየት ይችሉ፤ የማጥፋት ፈቃድ ግን አያስፈልጋቸውም።

7. ስናፕሾት አብሩ። ስናፕሾት ማለት ፎልደሩ በአንድ ሰዓት ላይ የነበረውን ሁኔታ ማስታወስ ነው። በየቀኑ አንድ እንዲወስድና ለ30 ቀን እንዲያቆይ ብታዝዙት፣ ትናንት በስህተት የጠፋውን ዛሬ ትመልሳላችሁ።

8. የስልክ ፎቶ በራሱ ወደ ናስ እንዲገባ የአምራቹን መተግበሪያ ጫኑ። ከቴሌግራም የምትሰበስቡ ከሆነ ላኪው ምስሉን «እንደ ፋይል» እንዲልክላችሁ ጠይቁ። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል።

በሩን ለኢንተርኔት አትክፈቱ

ብዙ ሰው ከውጭ ሆኖ ናሱን ማየት ስለሚፈልግ ራውተሩ ላይ በር ይከፍታል። ይህ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 «ዴድቦልት» የተባለ የቤዛ ቫይረስ ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ የኪውናፕ ናሶችን አጥቅቶ፣ የባለቤቶቹን ፋይል በመቆለፍ ከእያንዳንዳቸው 0.03 ቢትኮይን ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ «ሲኖሎከር» የተባለው በሲኖሎጂ ናሶች ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። የትኛውንም አምራች ብትመርጡ ትምህርቱ አንድ ነው።

ራውተሩ ላይ «ዩፒኤንፒ» የተባለውን አጥፉ፤ ዕቃዎች እናንተን ሳይጠይቁ በር እንዲከፍቱ የሚፈቅድ እሱ ነው። ከውጭ መግባት ካስፈለጋችሁ ዋየርጋርድ ወይም ቴይልስኬል የተባሉትን ቪፒኤን ተጠቀሙ። ያኔ ከሥራ ቦታም ሆነ ከአዲስ አበባ ቤታችሁ ያላችሁ ያህል ትገባላችሁ፤ የማታውቁት ሰው ግን በሩን እንኳ አያየውም።

የአማርኛ ፋይል ስም

አሁን በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ውስጥ ወደማታገኙት ክፍል ደርሰናል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ ፋይልን በአማርኛ መሰየም ይቻላል፤ መሰየምም ይገባል። አራት ነገር ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ርዝመት ነው። በዊንዶውስ አንድ የፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ይይዛል። ናሶች የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን የሚቆጥረው ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው፤ ገደቡም 255 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ስሙ ከ85 ፊደል ሊበልጥ አይችልም። ነጥቡን ጨምሮ 4 ባይት የሚወስደው የቪድዮ ቅጥያ ሲቀነስ 83 ይቀራል። ሲኖሎጂ ላይ አንድን የጋራ ፎልደር ለብቻው በምስጢር ብትቆልፉት ገደቡ ወደ 143 ባይት፣ ማለትም ወደ 47 ፊደል ይወርዳል። ላፕቶፕ ላይ በሰላም የኖረ ረጅም ስም ናስ ላይ «አልገለብጥም» ካለ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ሕዝባር ነው። እኛ «ወ/ሮ»፣ «ት/ቤት»፣ «ገ/ማርያም» ብለን እናሳጥራለን። ለኮምፒውተር ግን ያ ጭረት የፎልደር መለያ ስለሆነ በስም ውስጥ አይፈቀድም። «ወይዘሮ»፣ «ገብረማርያም» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። እንዲሁም የፎልደር ስም በነጥብ አይለቅ፤ ዊንዶውስ የመጨረሻውን ነጥብ ስለማይቀበል «ዓ.ም.» በስም መጨረሻ ላይ ችግር ያመጣል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። «2016» የተባለ ፎልደር የየትኛው ዘመን ነው? በኛ አቆጣጠር 2016 የጀመረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ነው። በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ ከ20 ዓመት በኋላ አልበሙን የሚከፍተው ልጅ በምን ያውቃል? ካሜራና ስልክ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚመዘግቡ፣ የፎልደሩን ስም በዚያ ጀምራችሁ የኛን ቀጥሉ። ለምሳሌ «2024-01-20 ጥምቀት፣ ጥር 11 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት»። ዓመት፣ ወርና ቀን በዚህ ቅደም ተከተል በቁጥር ሲጻፉ ፎልደሮቹ በራሳቸው በጊዜ ተራ ይሰለፋሉ። በወር ስም ብትጀምሩ ግን ሰልፉ በፊደል ስለሚሆን ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል።

አራተኛው ፍለጋ ነው። አንዱ «ሠርግ» ብሎ የሰየመውን ሌላው «ሰርግ» ብሎ ቢፈልግ ናሱ አያገኘውም። ለኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ቤተሰቡ በአንድ አጻጻፍ ቢስማማ ጥሩ ነው። ፕሮግራም ለምትጽፉ ግን የሚከተለው ጥሩ መለማመጃ ይሆናል።

በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። ሠ 4640፣ ሰ 4656 ነው። አ 4768፣ ዐ 4816 ነው። ጸ 4920፣ ፀ 4928 ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ፊደላት በየረድፉ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ስለዚህ የሐ ረድፍ ላይ ካለ ፊደል 16፣ ከኀ ረድፍ 128፣ ከዐ ረድፍ 48፣ ከፀ ረድፍ 8 ስትቀንሱ፣ በሠ ረድፍ ላይ ደግሞ 16 ስትደምሩ ሁሉም ወደ አንድ አጻጻፍ ይመጣሉ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ቀይሩ። ያኔ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ይሆናሉ። ይህን ለውጥ በፍለጋ ማውጫውና ተጠቃሚው በሚጽፈው ቃል ላይ ብቻ አድርጉ፤ የፋይሉን የራሱን ስም አትንኩ። የሰውን ስም አጻጻፍ የመለወጥ መብት ፕሮግራሙ የለውም።

በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ሰነድ ካላችሁ ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ከፍታችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ዋናውንም አታጥፉ።

ሌላው ቅጂ የት ይሁን?

ፒተር ክሮግ የተባለው ፎቶግራፈር ያስፋፋው «3-2-1» የሚባል ሕግ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ ለኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቶ ፊልሙን ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አስቀምጧል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም እዚያ ለብዙ ዓመታት የመጻሕፍቱን ካታሎግ አዘጋጅተዋል። አንድ መጽሐፍ በነበረበት ቢጠፋ ይዘቱ አብሮ እንዳይጠፋ ያደረገው በሌላ ቦታ የተቀመጠው ቅጂ ነው።

በቤት ደረጃ እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያው ቅጂ ናሱ ላይ ነው። ሁለተኛው በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ ላይ ይሁን፤ በየሳምንቱ ገልብጣችሁ ንቀሉት። ያልተሰካ ዲስክን ቫይረስ አይደርስበትም። ይህን ዲስክ በፋት32 ሳይሆን በኤክስፋት አዘጋጁት፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ሦስተኛው ቅጂ ከቤት ውጭ ይሁን። በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት የሚቀመጥ ናስ ወይም የኪራይ ክላውድ ሊሆን ይችላል። ክላውድ ስንል ሰማይ ላይ ያለ ይመስለናል፤ ነገር ግን አማዞን እ.ኤ.አ. በ2016 የኦሃዮ ሪጅን ብሎ የከፈታቸው የመረጃ ማዕከላት እዚሁ በኮሎምበስ ዙሪያ ነው ያሉት። የምትመርጡ ከሆነ እንደ ኦሪገን ያለ ሩቅ ሪጅን ምረጡ። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት በምስጢር ቆልፉት።

የመጀመሪያውን ቅጂ በኢንተርኔት ለመላክ አትቸኩሉ። የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሴኮንድ 20 ሜጋቢት ከሆነ 1 ቴራባይት ለመላክ ያለማቋረጥ 111 ሰዓት፣ አራት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዘመድ ቤት የሚቀመጠውን ናስ መጀመሪያ እናንተ ቤት ሞልታችሁ ውሰዱት፤ ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ አዲሱ ብቻ ይላካል። ለአገር ቤት ቤተሰብም ቢሆን የተቆለፈ ዲስክ በሚሄድ ሰው መላክ ከኢንተርኔቱ ይፈጥናል።

መብራት ሲጠፋ

እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ከከባድ ማዕበል በኋላ፣ በዚያ ሙቀት መካከል፣ ብዙ የኮሎምበስ ሰፈሮች ያለ መብራት ቆይተዋል። ናስ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት በድንገት ሲቋረጥ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ «ዩፒኤስ» የተባለውን ባትሪ ግዙና በዩኤስቢ ገመድ ከናሱ ጋር አገናኙት። መብራት ሲጠፋ ናሱ ከባትሪው መልእክት ደርሶት ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ፍጆታው አያስፈራም፤ 20 ዋት የሚወስድ ናስ ዓመቱን ሙሉ ቢበራ 175 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ያንን በሂሳብ ደረሰኛችሁ ላይ ባለው ዋጋ አባዙት።

ቁልፉን ማን ያውቃል?

በብዙ ቤት ናሱን የሚተክለው አንድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ልጅ። ያ ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ወይም አንድ ነገር ሲደርስበት፣ ፓስዎርዱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ፎቶው እያለ የለም ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ጻፉ። ናሱ የት እንዳለ፣ አድራሻው፣ የአስተዳዳሪው ስምና ፓስዎርድ፣ የምስጢር መቆለፊያው ቁልፍ፣ ሌሎቹ ቅጂዎች ያሉበት ቦታ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ስልክ ቢጠፋ የሚያገለግለው ኮድ ይኑርበት። ወረቀቱን ከፓስፖርትና ከቤት ውል ጋር አስቀምጡትና እናትና አባት ቦታውን ይወቁ። ከዚያ እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀመጡና ሌላ ሰው ወረቀቱን ብቻ እያነበበ እንዲገባ አድርጉ። መግባት ካቃተው ወረቀቱ ይስተካከል።

የሥራ ሰሌዳ

በየሳምንቱ፦ የዩኤስቢውን ዲስክ ሰክታችሁ ገልብጡና ንቀሉ።

በየወሩ፦ የዲስኮቹን የጤና ምርመራ አስኪዱ፤ ዝማኔ መግባቱን እዩ። ናሱ ችግር ሲኖር ኢሜይል እንዲልክ አድርጉ።

በየሦስት ወሩ፦ ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ የሚያመሳክረውን «ስክረብ» አስኪዱ። ከዚያም ከመጠባበቂያው ቅጂ አሥር ፋይል በዘፈቀደ መርጣችሁ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሱና ክፈቱ። ቪድዮው ይጫወታል? የአማርኛው ስም ሳይበላሽ መጥቷል? ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

በየዓመቱ፦ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ወረቀቱን አድሱ፤ ከቤት የወጣ ወይም አዲስ የመጣ የቤተሰብ አባል ካለ መግቢያውን አስተካክሉ።

ናሱን ገና ያልገዛችሁ ዛሬውኑ መጀመር የምትችሉት ሥራ አለ። አንድ የዩኤስቢ ዲስክ ውሰዱ፣ የወላጆቻችሁን ስልክ ተቀበሉ፣ ከላይ በተማርነው የስም አሰጣጥ አሥር ፎልደር አደራጁ። በፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነና የት እንደተነሣ ግን ከእነሱ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ያንን የሚያውቅ ሶፍትዌር የለም።